በአርሲ ደጋ ስለ ሕመም ስምና ስለ ሕክምና አፈላለግ

በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው አሰላ የመንግሥት ሆስፒታል አላት፤ ሆስፒታሉም ለአርሲ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ማስተማሪያ ሆኖ ያገለግላል። ይሁን እንጂ በዙሪያው ባለው የገብስና የስንዴ አገር የሚኖር ገበሬ ልጁን ባተኮሰው ጊዜ ወደዚያ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ነው። ይህን በድንቁርና ብቻ የሚተረጉም ሰው ነገሩን አላስተዋለውም። ሕመምተኛው የሚከተለው ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም የሚጀምረው ለሕመሙ ስም ከማውጣት ነው።

ስሙን የምታወጣው ባብዛኛው እናት ወይም አያት ናት። ከተለመዱት ስሞች አንዱ ምች ነው፤ ይኸውም ላብ ያለበትን ወይም ቅባት የነካውን ሰው ፀሐይ ሲመታው ይይዘዋል የሚባለው ትኩሳትና ራስ ምታት፥ በከንፈርም ላይ የሚወጣው ቁስል ነው። መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪዎችም ይህንኑ ቅጠል «ቆሪቻ ምቺ»፥ ማለትም የምች መድኃኒት ይሉታል። ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው በቡና ይጠጣል። ለጉንፋንና ለቀላል ትኩሳት ይህን ማድረግ እምብዛም አይጎዳም፤ ሕመምተኛው ያርፋል፥ ትኩስ ነገር ይጠጣል፥ በጥቂት ቀንም ይድናል። ምስጋናውን ግን ዳማከሴው ይወስዳል።

አስቸጋሪው ነገር አማርኛ ሳንባን የሚያጠቃውን ከባድ በሽታም «የሳንባ ምች» ብሎ መጥራቱ ነው። ስሙ ስለ ተመሳሰለ መድኃኒቱም አንድ ይመስላል፤ ሕፃኑ ግን በዳማከሴ ሲታሽ ሁለት ሦስት ቀን ያልፍና ለሞት ይደርሳል። ሁለቱን የሚለየው አተነፋፈስ ነው። የሚያስለው ሕፃን ዕድሜው ከ2 ወር በላይ ሆኖ ዓመት ያልሞላው ከሆነ በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ከሆነ ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ሕክምና ሳይውል ሳያድር ያስፈልገዋል።

ይህን ትንፋሽ መቁጠር የጤና ኬላ ሥራ ሆኗል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየገጠር ቀበሌው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተወሰነ። በመጀመሪያ ዋና ሥራቸው ስለ መጸዳጃ ቤት፥ ስለ ክትባትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ማስተማር ነበር፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሕፃናትን የሳንባ ምች በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። የአገሩን ቋንቋ ስለሚያውቁ እናቲቱ ያወጣችውን ስም ሳይንቁ ምርመራውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። ነገር ግን ቤት ለቤት ሲዞሩ ኬላው ይዘጋል፤ ሕፃን አዝላ ዳገት ወጥታ የተዘጋ በር ያገኘች እናት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ወደዚያ ለመሄድ ታመነታለች።

የስብራት ነገር ከዚህ የባሰ ነው። ወጌሻው፥ በኦሮምኛ ኦጌሳ የሚባለው፥ ለወለምታና ለውልቃት የሚጠቅም ዕውቀት አለው፤ ቤት ድረስ ይመጣል፥ ክፍያውንም ይታገሣል። ሆኖም የተሰበረውን እጅ በእንጨት ደግፎ ከልክ በላይ ሲያጠብቀው እብጠቱ መውጫ ያጣል፤ ደም መዘዋወሩን ያቆምና ሥጋው ይሞታል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጅ እግራቸው የተቆረጠ ልጆች ጥቂት አይደሉም። የታሰረው በወጌሻ እጅ ነው፤ የሚቆረጠው ግን በሆስፒታል ስለሆነ ጎረቤት የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ነው። ሆስፒታልን መፍራት ከሚመነጭባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፥ ቢደነዝዙ ወይም መልካቸው ቢለወጥ ማሰሪያው ወዲያው መፈታት እንዳለበት ለወጌሾች ማስተማር እነርሱን ከመከልከል ይልቅ ብዙ እጅና እግር ያድናል።

ኮሶ፥ በኦሮምኛ ሄጦ፥ በተቃራኒው ያለ ጠብ ቦታውን ለቀቀ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በየሁለት ወሩ አበባውን አስፈጭቶ በባዶ ሆዱ ይጠጣ ነበር፤ መጠኑ ሲበዛም ይጎዳ ነበር። ያንኑ ሥራ በቀላሉ የሚሠራ እንክብል ሲመጣ ሕዝቡ ተቀበለው፤ ሕመሙን ግን ዛሬም «የኮሶ በሽታ» ይለዋል።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሌሎች ሦስት ክልሎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ አዋጥቶ ቤተሰቡን እንዲያሳክም ያስችለዋል። ደንቡ ሕመምተኛው በጤና ጣቢያ ታይቶ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ያዛል። በጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲጠፋ ግን መዋጮውን የከፈለው ገበሬ በከተማ ካለ የግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ገንዘብ ይገዛል፤ መዋጮው በሚታደስበት ወር የሚያስበውም ይህንኑ ነው።