መንገደኛ አየር መንገዱን የሚተወው ለምንድን ነው?

አንድ አገር የራሱ አየር መንገድ ሲኖረው ሕዝቡ ከንግድ ድርጅትነቱ አስበልጦ እንደ ክብሩ ምልክት ይመለከተዋል። አውሮፕላኑ በባዕድ አገር ሲያርፍ የአገሪቱ ስም አብሮ ይነሣል፤ ሲከስርም ኪሳራው የሁሉም ሐዘን ይሆናል። ይሁን እንጂ ያው በአየር መንገዱ የሚኮራው ሕዝብ ትኬት የሚቈርጥበት ቀን ሲደርስ ወደ ሌላ ኩባንያ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ይህ እንዴት ይሆናል?

ባለፈው ሰሞን በማደሪያ ቤታችን ስለ ኬንያ አየር መንገድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «የዐረብ አገሮች ነዳጅ ስላላቸው ዋጋ ሰብረው መንገደኛውን ወሰዱበት» አለ። ሁለተኛው «አብራሪዎቹ ሥራ እያቆሙ ነው የጎዱት» ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው ደግሞ «የመንግሥት እጅ ያለበት ንግድ ሁሉ መጨረሻው ይኸው ነው» ብሎ ደመደመ። ሦስቱም አስተያየቶች ጥቂት ጥቂት እውነት አላቸው፤ ነገር ግን አንዱም ብቻውን ነገሩን አያስረዳም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር ተነሣን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

አየር መንገድ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው አየር መንገድ የሚሸጠው ወንበር ይመስለዋል። ወንበር ግን በአውቶቡስም በባቡርም ይገኛል። የአውሮፕላን መንገደኛ ገንዘቡን የሚከፍለው ጊዜ ለመግዛት ነው፤ ይኸውም በሚፈልገው ቀን ተነሥቶ በተባለው ሰዓት ለመድረስ ነው። ይህም ሸቀጥ ከሌላው የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ሊከማች አይችልም። ጧት ያልተሸጠ ወተት ማታ እርጎ፣ ሰንብቶም ቅቤና አይብ ይወጣዋል። ባዶውን የበረረ ወንበር ግን ምንም አይወጣውም። አውሮፕላኑ 200 ሰው ቢጭን ወይም 120 ሰው ቢጭን ለአብራሪው፣ ለነዳጁ፣ ለማረፊያውና ለአውሮፕላኑ ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ ትርፍና ኪሳራን የሚለዩት በመጨረሻ የሚሸጡት ጥቂት ወንበሮች ናቸው ማለት ይቻላል። ጥቂት መንገደኞች ሲጐድሉ ትርፉ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አሁን በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ የሚኖር አንድ ነጋዴ ወደ ቻይና ከተማ ወደ ጓንጁ ሄዶ ዕቃ ለመግዛት አሰበ እንበል። በናይሮቢ፣ በአዲስ አበባ፣ በዱባይ ወይም በዶሃ አድርጎ መሄድ ይችላል። ይህ ነጋዴ ስለ አውሮፕላኑ ባንዲራ አይጨነቅም፤ ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በየትኛው ቀን እነሣለሁ? በመሸጋገሪያው ከተማ ስንት ሰዓት እጠብቃለሁ? አንዱ አውሮፕላን ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጠኝ የሚቀጥለው መቼ ነው? ልምድ ያለው መንገደኛ ሦስተኛውን ጥያቄ አይረሳም። የሚቀጥለው አውሮፕላን ነገ ከሆነ አንድ ሌሊት ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ከሆነ ግን ገበያው አመለጠ ማለት ነው።

የመሸጋገሪያ ጣቢያ ሒሳብ

ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ ከተማዪቱ ራሷ በምታወጣው መንገደኛ ብቻ ብዙ አውሮፕላን ሊሞሉ አይችሉም። ስለዚህ ከአንድ ወገን የመጣውን መንገደኛ ወደ ሌላው ወገን ማሸጋገር ግድ ይሆናል። ሒሳቡም እንዲህ ነው። አንድ አየር መንገድ ከጣቢያው በስተምዕራብ ወደ 10 ከተማዎች፣ በስተምሥራቅም ወደ 10 ከተማዎች ቢበርና አውሮፕላኖቹ በተቀራረበ ሰዓት ቢገናኙ፣ ለመንገደኛ የሚያቀርባቸው ጕዞዎች 10 ጊዜ 10፣ ማለትም 100 ናቸው። በአንድ ወገን አንዲት ከተማ ቢጨምር አሥር አዲስ ጕዞዎች ያገኛል።

ይህ ሒሳብ በሚያድጉበት ጊዜ እንደሚረዳ ሁሉ በሚቀንሱበት ጊዜ ይቀጣል። ያው አየር መንገድ ገንዘብ አጥሮት ከየወገኑ ሁለት ሁለት ከተማዎች ቢተው፣ የቀሩት ጕዞዎች 8 ጊዜ 8፣ ማለትም 64 ናቸው። ከከተማዎቹ የተወው ከአምስት አንዱን ብቻ ሲሆን፣ ከሚሸጠው ጕዞ ግን ከመቶ 36 አጥቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው የአየር መንገድ ኃይሉ በድሩ ነው፤ ከድሩ ጥቂት ክር ሲመዘዝ የቀረውም ይላላል።

የኬንያ አየር መንገድ እንዴት እዚህ ደረሰ?

የኬንያ አየር መንገድ የተቋቋመው ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በአንድነት ያካሂዱት የነበረው የምሥራቅ አፍሪቃ አየር መንገድ ከፈረሰ በኋላ በ1977 ነው። በ1996 የሆላንድ አየር መንገድ ኬ.ኤል.ኤም. 26 በመቶ ድርሻ ገዛ፤ ከሌላው አክሲዮን አብዛኛው ደግሞ ለሕዝብ ተሸጠ። በዚያን ጊዜ ይህ ለአፍሪቃ አየር መንገዶች ሁሉ እንደ ምሳሌ የሚጠቀስ ሥራ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ትርፍ አስገኝቷል።

ችግሩ የተጠነሰሰው በጥጋብ ዘመን ነው። ኩባንያው ማዊንጉ የሚባል የአሥር ዓመት ዕቅድ አወጣ፤ ማዊንጉ በስዋሂሊ ደመና ማለት ነው። ዕቅዱ የአውሮፕላኖቹን ቍጥር ከ100 በላይ ለማድረስ የታሰበበት ነበር። ለዚህም በ2012 አዲስ አክሲዮን ለገበያ ሲቀርብ ከተፈለገው ገንዘብ 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ተገኘ። የገንዘቡ መጕደል ዕቅዱን አላሳጠረውም፤ ትልልቅ አውሮፕላኖች በብድርና በኪራይ መምጣታቸውን ቀጠሉ። በ2006 የታዘዙት ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ደግሞ በፋብሪካው መዘግየት ምክንያት መግባት የጀመሩት በ2014 ነው።

አውሮፕላኖቹ በሚገቡበት ጊዜ መንገደኛው ሸሸ። በነሐሴ ወር 2013 የናይሮቢ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የዓለም አቀፍ መንገደኞች መቀበያ በእሳት ተቃጠለ። በመስከረም በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ ላይ በተጣለው አደጋ 67 ሰዎች ሞቱ፤ አገር ጐብኚዎችም ቀሩ። በ2014 በምዕራብ አፍሪቃ የኢቦላ በሽታ ስለ ተነሣ ወደ ላይቤሪያና ወደ ሴራሊዮን የሚደረገው በረራ ቆመ። በዚያ ላይ ኩባንያው ነዳጅ ይወደዳል ብሎ አስቀድሞ ዋጋ ተዋውሎ ነበርና፣ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ሌሎች ሲጠቀሙ እርሱ ከሰረ። በመጋቢት 2015 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ኪሳራው 25.7 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ፣ በቀጣዩም ዓመት 26.2 ቢሊዮን ሆነ።

ዕዳ መንገደኛን እንዴት ያባርራል?

እዚህ ላይ የጓደኞቻችን ክርክር ወደሚገናኝበት ቦታ እንደርሳለን። ባለዕዳ የሆነ አየር መንገድ በመጀመሪያ የሚሸጠው የሚበላውን ዘር ነው። የኬንያ አየር መንገድ ከትልልቅ አውሮፕላኖቹ አንዳንዶቹን ሸጠ፣ ሌሎቹንም አከራየ። ሦስቱ ቦይንግ 777 አውሮፕላኖች ለቱርክ አየር መንገድ ተከራዩ፤ የቱርክ አየር መንገድም ራሱ ወደ ናይሮቢ እየበረረ መንገደኛ የሚወስድ ተወዳዳሪ ነው። ባለንብረቱ ፈረሱን ለተወዳዳሪው አከራይቶ በእግሩ እንደ መሮጥ ያለ ነው።

አውሮፕላን ሲቀንስ የበረራው ቀን ይቀንሳል። በየቀኑ የነበረው በሳምንት ጥቂት ቀን ይሆናል፤ በቦታው የሚተካ ትርፍ አውሮፕላን ስለሌለም አንዱ ሲበላሽ የብዙዎቹ ሰዓት ይፋለሳል። ያ የሉሳካው ነጋዴ አንድ ጊዜ ይታገሣል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን በሌላ ከተማ አድርጎ ይሄዳል። ቶሎ የሚሸሸውም ጊዜው ውድ የሆነው፣ ማለት ከሁሉ ይልቅ ጥሩ ዋጋ የሚከፍለው መንገደኛ ነው። ገቢው ሲጐድል ሠራተኛው ደመወዙና ጡረታው ያሰጋዋል፤ በኅዳር 2022 አብራሪዎቹ ሥራ ባቆሙ ጊዜ ብዙ ሺህ መንገደኞች በየማረፊያው ቀሩ። ስለዚህ የአብራሪዎቹ አድማ ጕዳቱን ቢያባብሰውም የመጀመሪያው ምክንያት አልነበረም፤ ቀድሞ የተጀመረው የችግር አዙሪት የወለደው ነው።

በ2017 መንግሥት ብድሩን ወደ አክሲዮን ለውጦ 48.9 በመቶ ባለድርሻ ሆነ፤ የአገሪቱ ባንኮችም 38.1 በመቶ ያዙ፤ የኬ.ኤል.ኤም. ድርሻ ወደ 7.8 በመቶ ወረደ። ነገር ግን ዕዳው አላለቀም። የ2023 ሒሳብ ይህን በግልጽ ያሳያል። በዚያ ዓመት ኩባንያው ከበረራ ሥራው 10.5 ቢሊዮን ሽልንግ ያህል አትርፎ ሳለ፣ ዕዳው በዶላር ስለ ነበረና ሽልንግ ስለ ወደቀ በመጨረሻ 22.7 ቢሊዮን ከሰረ። በ2024 ሽልንግ ሲጠነክር 5.4 ቢሊዮን አተረፈ፤ ይህም ከአሥር ዓመት በላይ ያልታየ ትርፍ ነበር። ደስታው ግን አልረዘመም። በ2025 የመጀመሪያ ስድስት ወሮች ከዘጠኙ ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ሦስቱ በሞተር እጥረት ስለ ቆሙ መንገደኛው ቀነሰ፤ ኪሳራውም 12 ቢሊዮን ሽልንግ ያህል ሆነ። የናይሮቢ ሰው አየር መንገዱን በዚያ ዓመት መጥላት አልጀመረም፤ የሚሳፈርበት አውሮፕላን ጠፋ እንጂ።

ተወዳዳሪዎቹ ያላቸው ምንድን ነው?

ኤሚሬትስና የኳታር አየር መንገድ በሀብታም መንግሥታት የተደገፉ መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ይህም ለአፍሪቃ ኩባንያ ከባድ ውድድር ነው። ነገር ግን ሁሉንም በዚህ ካመካኘን የኢትዮጵያ አየር መንገድን ማደግ ልናስረዳ አንችልም። የእኛም አገር ነዳጅ የላትም፤ ተፈጥሮም ቢሆን ያደላው ለናይሮቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ ስስ ስለሚሆን፣ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በመንገድ ላይ አርፎ የሚቀጥለው ስለዚህ ነው። ናይሮቢ ግን በ1,600 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ከ2018 ጀምሮ እስከ ኒውዮርክ ሳያርፉ መብረር ተችሏል።

እንግዲህ ልዩነቱ ከየት መጣ? ንብረትነቱ የመንግሥት መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሦስተኛው ጓደኛችን ሕግ የእኛን አየር መንገድ ቀድሞ ባጠፋው ነበር። እንደ ተረዳነው ከሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትርፉን መልሶ ለሥራው ሲያውል፣ የጥገናውን ሥራ፣ የአብራሪዎችንና የቴክኒሻኖችን ትምህርት ቤት፣ የጭነቱንም አገልግሎት በአንድ ቤት ይዞ ቆይቷል። መንገደኛ በጠፋበት በ2020 የኮሮና ዘመን የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር አውጥቶ ዕቃ ጫነባቸው፤ ሥራውም በዚህ ዘለቀ። በዚያው ዓመት የኬንያ አየር መንገድ 36.2 ቢሊዮን ሽልንግ ከሰረ። ሆኖም ሚዛናችን እንዳያደላ አንድ ነገር መናገር ይገባናል፤ የኬንያው ኩባንያ በአገሩ ውስጥ ሳይቀር ከሌሎች አየር መንገዶች ጋር ሲሻማ፣ የእኛው ግን የአገር ውስጡን መደበኛ በረራ ከሞላ ጐደል ብቻውን ይዞ ነው የኖረው።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። መንገደኛ አየር መንገዱን የሚተወው ከክፋት ወይም አገር ካለመውደድ የተነሣ አይደለም። አየር መንገዱ ሰዓቱን መጠበቅና ደጋግሞ መብረር ሲያቅተው ነው። ያም የሚያቅተው በጥሩ ዘመን የገባበት ዕዳ በክፉ ዘመን አውሮፕላኖቹን ሲነጥቀው ነው። ስለዚህ መንገደኛው በጠፋበት ቀን ማስታወቂያ ማብዛትና የሠራተኛውን ልብስ መለወጥ ብዙ አይረዳም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በዕቅዱ ቀን ነበር።

ሰው ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ ይባላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ዛሬ አውሮፕላኖቹን እያበዛ፣ በቢሾፍቱ አጠገብም ብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት ተነሥቷል። ዕቅዱ ያስደስተናል፤ ከመካከላችንም ነገ በዚያ ሥራ የሚገቡ ይኖራሉ። ነገር ግን ማዊንጉም በወጣበት ቀን አስደሳች ነበር። በእኛ አስተያየት ከእንዲህ ያለ ዕቅድ ጋር አብሮ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ግልጽ ነው፤ መንገደኛው ሁለት ዓመት ቢጠፋ፣ የገንዘባችንም ዋጋ ቢወድቅ፣ የብድሩ ክፍያ አንድ አውሮፕላን እንኳ ሳያስቆም ከየት ይወጣል? ይህን ጥያቄ በትርፍ ዘመን የሚጠይቅ ሰው ደስታ አበላሽ ሊባል ይችላል። የጎረቤታችን ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን ጥያቄው መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነው።