ያለ መኪና ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፦ ተረትና እውነታ

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 510 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከድሬዳዋ ወደ 40፣ ከሐረር ደግሞ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የግል መኪና የሌለው ተማሪ በአውቶቡስ፣ በባቡርም ሆነ በአውሮፕላን ሊሄድ ይችላል። ስለ ሦስቱም ከሰው ሰው የሚተላለፍ ወሬ ብዙ ነው፤ ግማሹ ከመልክዓ ምድሩ ጋር አይገጥምም።

ከአዲስ አበባ የሚነሳው ነባሩ ዋና መንገድ አዋሽንና ሚኤሶን አልፎ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል፤ ከዚያ በጭሮ፣ በሂርናና በቁልቢ አድርጎ ደንገጎ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የግራው ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። የቀኙ በሐረማያ ከተማና በአወዳይ በኩል ሐረር ይገባል። ግቢው ያለው በዚህ በቀኙ መንገድ ላይ ነው። ባቡሩና አውሮፕላኑ ግን የሚያርፉት ቆላው ላይ፣ ድሬዳዋ ነው።

ብዙ ወላጆች ልጃቸው መጀመሪያ ሐረር ገብቶ፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይዞ ወደ ሐረማያ መመለስ ያለበት ይመስላቸዋል። የሐረር አውቶቡስ ግን ሐረር ከመድረሱ በፊት በሐረማያ በኩል ያልፋል። ተማሪው ሲሳፈር ለረዳቱ መውረጃውን ከተናገረና ደንገጎን ሲያልፍ ደግሞ ካስታወሰው፣ ወደ ኋላ የሚመለስበትም ሆነ ዕቃውን ሁለቴ የሚያስጭንበት ምክንያት የለም። ከዚህ ውጪ የሚሆኑት የጤናና ሕክምና ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው፤ የእነርሱ ኮሌጅ ሐረር ከተማ ውስጥ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ይሄዳሉ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥ በፊት በጥሪ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ግቢ ማየት ይገባል።

«የድሬዳዋ አውቶቡስም ያው ነው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። አውቶቡሱ በደንገጎ በኩል የሚወርድ ከሆነ መገንጠያው ላይ ወርዶ የሐረር ሚኒባስ መጠበቅ ይቻላል። ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ ለያዘ አዲስ ተማሪ ግን መንገድ ዳር መቆም አይመከርም፤ ድሬዳዋ መናኸሪያ ገብቶ ከዚያ መሳፈር ይሻለዋል።

ስለ ባቡሩ የሚነገረው የበለጠ የተሳሳተ ነው። አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። አሁንም ከለገሃር የሚነሳ የሚመስላቸው አሉ፤ ለገሃር የድሮው ሐዲድ ጣቢያ ነው። የአዲሱ የመንገደኞች ባቡር መነሻ በከተማዋ ዳርቻ ያለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። ድሬዳዋም ላይ የሚያርፈው ከዚራ በተባለው ሰፈር ባለው ጥንታዊ ጣቢያ ሳይሆን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ተጨማሪ የታክሲ ወይም የባጃጅ ወጪ አለ። ከዚህም ሌላ ባቡሩ እንደ አውቶቡስ በየቀኑ የሚገኝ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ አንድ ቀን ሄዶ በማግስቱ ሲመለስ ቆይቷል። የምዝገባው ቀን ከባቡሩ ቀን ጋር ካልገጠመ ምቾቱ ብቻውን አይጠቅምም።

«ባቡሩ ሐረር ያደርሳል» የሚለውም እምነት መሠረት የለውም። የመጀመሪያው የባቡር ውል ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ የታሰበበት ነበር፤ ሆኖም ተራራውን መውጣት ከባድ በመሆኑ መስመሩ ከሥር ባለው ሜዳ ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ከተማ ሆነ። አዲሱም ሐዲድ የሚያልፈው በዚያው ቆላ ነው። በባቡር የመጣ ተማሪ ስለዚህ የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ይወጣል፤ የሐረር ሚኒባሶች መንገዳቸው በሐረማያ ስለሆነ ይህ ክፍል አስቸጋሪ አይደለም።

ሐረር የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። በረራው ድሬዳዋ ወደሚገኘው የአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ያው ዳገት ነው። ዋጋው ከአውቶቡስ በብዙ ይበልጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበርን ተማሪ በእውነት የሚጎዳው ግን የትኬቱ አነባበብ ነው። ትኬት ላይ 07:00 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 7 ሰዓት አይደለም። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ጥቅምት 10 የተጠራ ተማሪ ትኬቱ ላይ በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 20ን ይፈልጋል። የአውቶቡስ ትኬት ሰዓት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ሁለቱን ማደባለቅ ቀላል ነው።

ሌሊት የሚሄድ ሚኒባስ አንድ ቀን ያተርፋል የሚለው ምክር ከሁሉ አደገኛው ነው። መደበኛ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ንጋት ላይ የሚነሱት ጨርጨርን በብርሃን ለማለፍ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ጭጋግም ይበዛበታል። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሾፌር እዚያ የሚደርሰው ደክሞት ነው። በደላላ ተሞልቶ ከመናኸሪያ ውጪ የሚነሳ መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ ወይም አደጋ ቢደርስበት ተሳፋሪው የሚጠይቀው አካል ለማግኘት ይቸገራል። ከአንድ ቀን ቀድሞ መነሳት እጅግ የተሻለ ነው።

ትኬት በማንኛውም ቀን ይገኛል ማለትም አይቻልም። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ በዚሁ መስመር ላይ ያለው አውቶቡስ፣ ባቡርና በረራ ሁሉ በምእመናን ይጨናነቃል። የግቢው ጥሪ ወይም ዕረፍት በእነዚህ ቀናት አካባቢ ከዋለ ትኬቱን በብዙ ቀን ቀድሞ መቁረጥ የግድ ነው።

«ምሥራቅ ሞቃት ነው» ብሎ ብርድ ልብስ ትቶ መሄድ ድሬዳዋን ብቻ ከማሰብ የሚመጣ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ግቢው 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር። ስለዚህ ብርድ ልብሱና ሹራቡ ከሻንጣው መቅረት የለባቸውም። ይህን ሁሉ ዕቃ ለያዘና ወጪ ለሚቆጥብ የዋናው ግቢ ተማሪ በቀን የሚሄደው የሐረር አውቶቡስ ከሦስቱ ይመረጣል፤ መኪና ሳይቀይር ሐረማያ የሚያደርሰው እሱ ነው።