ቪትሷን እንሽጥ ወይስ እንያዝ? ሒሳቡ በመንገዱ ይሠራ

ዛሬ ከዋጋ ሰንጠረዡ ወጣ ብለን ወደ ግዢ ስለምትወስደን መኪና እናውራ። በውስጥ መስመር የሚደርሰን ጥያቄ በዝቷል፦ «ቤንዚን ከ100 ብር ካለፈ ቆየ፤ አሮጌዋን ቪትስ ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ?»

መነሻው ይታወቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ነዳጁም መለዋወጫውም ተያይዞ ወጣ።

እስቲ እናስላ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተያዙ ናቸው፤ በራሳችሁ ቁጥር ተኳቸው።

🔹 አዲስ አበባ–ዲላ ደርሶ መልስ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቪትሷ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 48 ሊትር ትጠጣለች። ሊትሩን በ130 ብር ብንይዘው 6,240 ብር።

🔹 የኤሌክትሪኳ ለ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትፈጅ፣ አንዱን በ10 ብር ብንገዛው፣ ለዚያው መንገድ 1,150 ብር ገደማ።

ትርፉ በምልልስ 5,000 ብር አካባቢ ነው። በወር ሁለቴ ለሚወጣ ነጋዴ በዓመት 120,000 ብር ማለት ነው። ሁለቱን መኪኖች ለመቀያየር 2 ሚሊዮን ብር ቢጨመር፣ ብሩ የሚመለሰው ከ16 ዓመት በኋላ ነው! ከተማ ውስጥ በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ባለ ታክሲ ግን በስድስት ዓመት ይመልሰዋል፤ የዘይትና የፊልትሮ ወጪም ይቀርለታል። እሱ ባይዘገይ ይሻለዋል።

ለእኛ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ያ 2 ሚሊዮን በኅዳር የእሸት ቡና መግዣ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ካስቀመጠ ወዲህ ጥሬ ብር ምን ያህል እንደከበደ ታውቁታላችሁ። አርሶ አደሩ እሸቱን ይዞ በር ላይ ሲቆም ብሩ ጎማ ላይ ታስሮ ከተገኘ፣ ቡናው ለጎረቤት ገዢ ይሄዳል። ዩኒየኖችም ለሥራ አስኪያጅ መኪና ከመወሰናቸው በፊት ይህን ቢያዩት ጥሩ ነው።

መንገዱም አለ። ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያው የተከማቸው አዲስ አበባ ላይ ነው። ዲላ ላይ መብራት ቢጠፋ ጭነት እየጠበቀ እናንተ ሶኬት ስትጠብቁ ልታድሩ ነው። ቪትስን ግን የትኛውም ከተማ ያለ መካኒክ ይፈታታል። አዲስ ስለማይገባም ዋጋዋ በቀላሉ አይወድቅም።

ታዲያ እስከ መቼ እንጠብቅ? ሦስት ምልክት ተከታተሉ፦

✅ በምትመላለሱበት መስመር ላይ ቢያንስ ሁለት የቻርጅ ጣቢያ ሲኖር
✅ ሻጩ የባትሪ ዋስትና በጽሑፍ ሲሰጥና ጥገናው እዚሁ ሲገኝ
✅ የመቀየሪያው ልዩነት ከአንድ ወቅት ትርፋችሁ ሲያንስ

እስከዚያ ሞተሯን በጊዜው አስፈትሹ፣ የጎማውን ንፋስ ጠብቁ፣ ዘይት አታሳልፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ወደ ጅማ፣ ነቀምቴ ወይም ቡሬ በኤሌክትሪክ የተመላለሳችሁ ካላችሁ ወጪያችሁን ላኩልን፤ ሒሳቡን አብረን እናስተካክለዋለን።

መልካም ገበያ!