ከጤና ተቋም ርቀው ለሚኖሩ ነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የእናቶች ማቆያ አገልግሎት

ኢትዮጵያ የእናቶችን ሞት በመቀነስ ረገድ ያስመዘገበችው ለውጥ ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች እንደሚሞቱ የገመተ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 412 ዝቅ ብሏል። ይሁን እንጂ አገራዊ አማካዩ በአካባቢዎች መካከል ያለውን ልዩነት አያሳይም። በዚያው የ2016 ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ ከነበሩት ወሊዶች 97 በመቶ የሚሆኑት በጤና ተቋም የተከናወኑ ሲሆን፣ በሶማሌ ክልል 18 በመቶ፣ በአፋር ክልል ደግሞ 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአንድ ወረዳ ውስጥም ቢሆን በመኪና መንገድ ዳር የምትኖር እናትና ከወንዝ ማዶ የምትኖር እናት እኩል ዕድል የላቸውም።

በወሊድ ጊዜ ሕይወትን የሚያሳጣው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ሊታከም የሚችል ነው፤ ጊዜ ግን አይሰጥም። ከወሊድ በኋላ ከፍተኛ የደም መፍሰስ የገጠማት እናት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ ሊያልፍ ይችላል። የጤና ባለሙያዎች ለእናቶች ሞት ምክንያት የሚሆኑ መዘግየቶችን በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ እነርሱም ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ በመወሰን፣ ተቋሙ ዘንድ በመድረስ እና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚታዩ ናቸው። በወረዳው አምቡላንስ መኖሩ ሁለተኛውን መዘግየት ያቃልላል። ሆኖም መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛት እናት እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በወሳንሳ ወይም በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ መጓዟ አይቀርም። በክረምት ወንዝ ሲሞላ ይኸውም ላይቻል ይችላል።

የእናቶች ማቆያ አገልግሎት የተዘረጋው ይህን ጉዞ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ለማጠናቀቅ ነው። ማቆያው በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ የሚገኝ ማረፊያ ሲሆን፣ እናቶች የመውለጃ ጊዜያቸው ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው በመምጣት ይቆዩበታል። እንደ ጤንነታቸው ሁኔታ ከዚያም ቀደም ብለው እንዲገቡ ሊመከሩ ይችላሉ። በቆይታቸው አዋላጅ ባለሙያዎች የደም ግፊታቸውንና የፅንሱን ሁኔታ ይከታተላሉ፤ ምጥ ሲጀምር እናቲቱ ወደ ማዋለጃ ክፍል ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይበቃታል።

አገልግሎቱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጉራጌ ዞን የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሲሰጠው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በዚሁ ሆስፒታል የወለዱ ከ24,000 በላይ እናቶችን መረጃ የመረመረ ጥናት እንዳመለከተው፣ በማቆያው ቆይተው በወለዱት መካከል የሞት መጠኑ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 90 ገደማ ነበር። ከቤታቸው በቀጥታ በመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ ለማቆያው መስጠት አይገባም፤ በቀጥታ ከመጡት መካከል በቤታቸው ለመውለድ ሞክረው ችግሩ ከከፋ በኋላ የደረሱ ይገኙበታልና። ዳሩ ግን ማቆያው ሊያስቀር የሚፈልገውም ይህንኑ ዘግይቶ መድረስን ነው።

ማንኛዋም ከጤና ተቋም ርቃ የምትኖር ነፍሰ ጡር እናት በአገልግሎቱ መጠቀም ትችላለች። ይልቁንም ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ የደም ግፊት ያለባት፣ ባለፈው ወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም ሞቶ የተወለደ ሕፃን የገጠማት እናት የቤቷ ርቀት ምንም ያህል ቢሆን ጉዳዩን ከባለሙያ ጋር ልትመክርበት ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት ከጤና ጣቢያ ይልቅ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል የሚገኝ ማቆያ ሊመረጥላት ይችላል።

ወደ ማቆያ ለመግባት የመጀመሪያው በር የቀበሌው ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነፍሰ ጡሯን መዝግባ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ትልካታለች፤ የመውለጃ ጊዜዋም በዚያ ይገመታል። ክትትሉ በቶሎ ሲጀመር ግምቱ ይበልጥ ትክክል ስለሚሆን፣ የወር አበባ የቀረበትን ጊዜ አስታውሶ መናገር ጠቃሚ ነው። በቀበሌ የሚካሄደው የነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስም መቼ መነሣት እንደሚገባና ማን እንደሚሸኝ ለመወሰን ያግዛል። ከከብቶቻቸው ጋር በሚንቀሳቀሱ አርብቶ አደር አካባቢዎች ቤተሰቡ በመውለጃው ወር የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ለባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሚሰጡ የቅድመ ወሊድ፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎቶች ከክፍያ ነፃ ናቸው። ወደ ሆስፒታል የምትላክ እናት የሪፈራል ወረቀቷን፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነችም የአባልነት መታወቂያዋን መያዝ አለባት። መዋጮ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌያቸው ተለይተው ክፍያው በመንግሥት እንዲሸፈንላቸው ማመልከት ይችላሉ። ነፃ ለሆነ አገልግሎት ክፍያ የተጠየቀች ወይም ያለ በቂ ምክንያት የተመለሰች እናት አቤቱታዋን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ መፍትሔ ካላገኘችም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ማቅረብ መብቷ ነው።

የምግብ አቅርቦት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች ኅብረተሰቡ በሚያዋጣው እህል ገንፎና ሌላም ምግብ ይዘጋጃል፤ ቡናም ይፈላል። በሌሎች ዘንድ ስንቁን የምታቀርበው እናቲቱ ወይም ቤተሰቧ በመሆኑ ከመነሣት በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ከሁሉ የሚከብደው መሰናክል ግን ቤት ውስጥ የሚቀረው ኃላፊነት ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏት፣ ከብት የምትጠብቅና ረዳት የሌላት እናት ለሁለት ሳምንት ቤቷን ጥላ መውጣት ይቸግራታል። አገልግሎቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። በመሆኑም ባል፣ አማትና ጎረቤት ልጆቹን ማን እንደሚይዝ፣ ከብቱን ማን እንደሚጠብቅ የመውለጃው ወር ከመድረሱ በፊት ሊነጋገሩበት ይገባል። ረዳት የሌላት እናት ይህንኑ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትገልጽ በሴቶች ልማት ቡድን አማካይነት ድጋፍ ሊፈለግላት ይችላል።

ከወለዱ በኋላ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በተቋሙ መቆየት ያስፈልጋል። ሕፃኑ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ መከላከያ ክትባቱን ሳይከተብ፣ እናቲቱም የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ሳትቀበል መውጣት የለባቸውም፤ ልደቱ በ90 ቀናት ውስጥ በመኖሪያ ቀበሌ የሚመዘገበው በዚህ ወረቀት ነው።