መዝገቡን ከግምጃ ቤቱ ስለ መለየት

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዡና ዕቃ ጠባቂው አንድ ሰው የሆነ እንደ ሆነ፣ ዕቃ ጠያቂ በበዛ ቁጥር መዝገቡ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰውየው በታመመ ዕለት ደግሞ ዕቃው የት እንዳለ የሚናገር አይገኝም። ፋይሎችን ለብዙ ሰርቨሮች አከፋፍሎ የሚያስቀምጥ ሥርዐትም ከዚህ ችግር አያመልጥም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን አንድሪው የተባለው የፋይል ሥርዐት ነው። ይህንንም የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና አይ.ቢ.ኤም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር በኅብረት ሠሩት፤ በዚያው አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ኮዱ ለማንም ክፍት ከሆነ ወዲህ ኦፕን ኤ.ኤፍ.ኤስ. በሚል ስም ይሠራበታል። በዚህ ሥርዐት ፋይሎች ቮልዩም በሚባሉ ክፍሎች ተጠቃለው በፋይል ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣሉ። የትኛው ቮልዩም በየትኛው ሰርቨር እንዳለ፣ ማንስ በየትኛው ቡድን እንደ ተመዘገበ የሚያመለክቱት ግን ሌሎች ዳታቤዞች ናቸው። የተማሪው ኮምፒዩተር አስቀድሞ መዝገቡን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ፋይል ሰርቨሩ ይሄዳል። ስለዚህ መዝገቡ ዝም ካለ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ በዲስኩ ላይ ደኅና ተቀምጦ ሳለ ለባለቤቱ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

እንግዲህ ለዳታቤዞቹ የተለዩ ሰርቨሮች መመደብ የሚጠቅምበት ምክንያት ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የፋይል ሰርቨር ሥራው ከባድ ነው። ዲስኩ ይሞላል፣ ይበላሻል፤ ድንገት ከወደቀም ቮልዩሞቹ እስኪመረመሩ ድረስ ይዘገያል። መዝገቡ ይህን ሁሉ አብሮ መታገሥ አይገባውም።

ሁለተኛ፣ ቮልዩም ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ቢዛወር ተጠቃሚው አያውቅም፤ አዲሱን ስፍራ መዝገቡ ይነግርለታልና። የመዝገቡ የራሱ አድራሻ ግን ብዙውን ጊዜ በየተጠቃሚው ኮምፒዩተር ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ የፋይል ሰርቨር እንደ ልብ ሊለወጥ ሲችል፣ የመዝገቡ ሰርቨር ከቦታው ባይነቃነቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የመዝገቡ ቅጂዎች በብዙ ሰርቨሮች ይቀመጣሉ፤ እነርሱም በድምፅ ብልጫ አንዱን መርጠው አዲስ ጽሑፍ የመቀበልን ሥልጣን ለእርሱ ይሰጣሉ። ሦስት ቢሆኑና አንዱ ቢወድቅ፣ ሁለቱ ሥራውን ይቀጥላሉ። ሁለቱ ከወደቁ ግን አዲስ ቮልዩም መመዝገብም ሆነ የቡድን አባል መጨመር ይቆማል። ሦስቱም ፋይል ጠባቂዎች ጭምር ከሆኑ፣ አንዱ ለጥገና በቆመ ቁጥር አንድ ድምፅ ይጎድላል።

ገንዘብ የሌለው ትንሽ ኮሌጅ ሁለቱን ሥራ በአንድ ሰርቨር ቢያጣምር ሥርዐቱ አይከለክለውም። ነገር ግን ዳታቤዞቹ ከፋይሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ትንንሾች ስለሆኑ፣ ለእነርሱ ትልቅ መኪና መግዛት አያስፈልግም፤ ከትልቅ ሥራ የተሰናበተ፣ ጤናው ግን የተረጋገጠ ኮምፒዩተር ይበቃቸዋል። ስለዚህ ኮሌጁ ከፍ ሲል በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው መዝገቡ ነው።