ሻጩ «2000 ኒት ነው» ሲላችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

ስልክ ልትገዙ ሱቅ ገብታችኋል እንበል። ሻጩ ሁለት ስልክ አውጥቶ «ይሄኛው 1000 ኒት ነው፣ ያኛው 2000። ስክሪኑ እጥፍ ያበራል» ይላችኋል። የዋጋ ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ትጨምራላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ?

ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ያምራሉ። ችግሩ የሚመጣው ቀን 6 ሰዓት ላይ ውጭ ስትወጡ ነው። ካርታ እያየ ተሳፋሪ የሚፈልግ ሹፌር፣ ትዕዛዝ የሚያደርስ ሞተረኛ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩን በእጁ እየጋረደ ከባንክ የመጣ መልእክት የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ይህ «ኒት» የሚባለው ቁጥር ምን እንደሚለካ ማወቅ ብር ያድናል።

ኒት ምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከሻማ ነው። የብርሃን ጥንካሬ ዓለም አቀፍ መለኪያ «ካንዴላ» ይባላል፤ ቃሉ በላቲን ሻማ ማለት ነው። አንድ ተራ ሻማ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰጠው ብርሃን 1 ካንዴላ ገደማ ነው።

አሁን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የሚያበራ ሰሌዳ አስቡ። ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው የአንድ ሻማ ያህል ብርሃን ከሰጠ ብሩህነቱ 1 ኒት ነው። የ500 ሻማ ያህል ከሰጠ 500 ኒት። በአጭሩ ኒት ማለት «ካንዴላ በካሬ ሜትር» ማለት ነው።

«እና የኔ ስልክ 500 ሻማ ነው?» አይደለም፤ ስልካችሁ ካሬ ሜትር አይሞላም። ስክሪኑ 7 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንድ ካሬ ሜትር ለመሸፈን 95 ስልክ ያስፈልጋል። ስለዚህ 500 ኒት ላይ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ስልክ የሚሰጣችሁ የ5 ሻማ ያህል ብርሃን ነው። መብራት ሲጠፋ በስክሪን ብርሃን ክፍሉን ለማየት የሞከረ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል።

ከሉመንና ከሉክስ ጋር አታምታቱት

👉 ሉመን፦ ከአንድ መብራት የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። አምፖልና ፕሮጀክተር ላይ የምታዩት እሱን ነው።
👉 ሉክስ፦ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ነው። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ሊሆን ይችላል። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍ ግን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል።
👉 ኒት፦ ከስክሪኑ ወደ ዓይናችሁ የሚመጣው ብሩህነት ነው።

ስልክ የሚሸጥላችሁ በኒት ነው፤ ውጭ የሚፈትነው ግን ሉክሱ ነው።

ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ለምን ይጠፋል?

ስክሪኑ አልደከመም፤ ተፎካካሪ መጣበት እንጂ። የስልኩ መስታወት ፊት ለፊቱ ካለው ነገር ከሚመጣበት ብርሃን 4 በመቶ ገደማውን መልሶ ወደ እናንተ ይልከዋል። 4 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን የምን 4 በመቶ?

ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ ፀሐይ ላይ ቆማችኋል እንበል። ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ነጭ ጨርቅ ብሩህነቱ 20,000 ኒት ሊደርስ ይችላል። የዚህ 4 በመቶ 800 ኒት ነው። ስልካችሁ 500 ኒት ከሆነ የገዛ ሸሚዛችሁ ነጸብራቅ ስክሪኑን በለጠው ማለት ነው። ጽሑፉ ጠፍቶ ራሳችሁን የምታዩት ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚገኝ ነፃ ምክር አለ፦ ስክሪኑ ውስጥ ምን እንደሚንጸባረቅ ተመልከቱ። ሰማዩና ነጭ ልብሳችሁ ከሚታይበት አቅጣጫ ትንሽ ዞር አድርጋችሁ ጥቁር ነገር ወይም ጥላ እንዲንጸባረቅበት ካደረጋችሁ፣ ያው ስልክ ወዲያው ይነበባል። ውጭ የሚውል ሰው ጠቆር ያለ ልብስ ቢለብስም ልዩነቱን ያየዋል።

እጥፍ ቁጥር ለዓይን እጥፍ አይደለም

ዓይናችን ብርሃንን እንደ ሚዛን አይቆጥርም። ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ለኛ የሚመስለን ሩብ ያህል የጨመረ ነው። እጥፍ እንዲመስለን ወደ 8 እጥፍ መጨመር አለበት። ስለዚህ «ከ1000 ወደ 2000» ማለት ልዩነት ቢኖረውም፣ ሻጩ እንዳለው «እጥፍ ያበራል» ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም ቁጥር አትጠቀሙበትም፤ ክፍል ውስጥ ጥቂት መቶ ኒት ይበቃል።

ውጭ ግን ሌላ ነው። እዚያ ጥያቄው ስክሪኑ ነጸብራቁን ይበልጣል ወይስ አይበልጥም የሚለው ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ መቶ ኒት ዋጋ አለው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወይም ክፍል ውስጥ የምትውሉ ከሆነ ለኒት ብላችሁ ብዙ ብር አትጨምሩ። እንጀራችሁ መንገድ ላይ ከሆነ ግን ጨምሩ።

የትኛው 2000?

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አይፎን 15ን ውሰዱ። አፕል ለዚህ አንድ ስልክ ሦስት ቁጥር ነው የሚሰጠው፦ በተለመደው አጠቃቀም እስከ 1000 ኒት፣ ኤችዲአር ቪዲዮ ላይ እስከ 1600፣ ውጭ ብርሃን ሲበዛ እስከ 2000። «2000 ነው» ያለው ሻጭ አልዋሸም፤ ግን «1000 ነው» የሚለውም ልክ ነው።

ጉግል ፒክስል 8 ፕሮም እንዲሁ ነው። 2400 ኒት የተባለው የስክሪኑ 5 በመቶ ብቻ በርቶ ሲለካ ነው። ሙሉው ስክሪን ሲበራ 1600 ነው።

ለምን? አሞሌድ ስክሪን ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ መብራት ናት። ሁሉም በአንዴ በሙሉ ኃይል ቢበሩ ባትሪ ይበላሉ፣ ስልኩም ይግላል። ጥቂቶቹ ብቻ ሲበሩ ግን ስልኩ ኃይሉን ለነሱ መስጠት ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የትንሿ ቦታ ቁጥር ነው። እናንተ ካርታም ሆነ መልእክት የምታነቡት ግን በሙሉ ስክሪን ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ «ሙሉ ስክሪኑ ሲበራ ስንት ነው?»

በእጃችሁ ያለውን ስልክ ከሆነ

👉 ውጭ ስትወጡ አውቶ ብራይትነስን አብሩት። ብዙ ስልኮች ትልቁን ቁጥር የሚለቁት ይህ ሲበራ ብቻ ነው፤ በእጅ እስከ ጫፍ ብትገፉትም እዚያ አይደርስም።

👉 ከሙቀት ጠብቁት። ዳሽቦርድ ወይም ሞተር ላይ ታስሮ ፀሐይ እየመታው፣ በዚያ ላይ ቻርጅ እየተደረገ የሚሠራ ስልክ ራሱን ለማዳን ስክሪኑን ይቀንሳል። «ስልኬ ቀን ቀን ይደበዝዛል» ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ።

👉 ፀሐይ ላይ ዳርክ ሞድን አጥፉ። ጥቁሩ ቦታ ነጸብራቁን አጉልቶ ያሳያል። ነጭ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይሻላል።

👉 ዳርክ ሞድ ባትሪ ይቆጥባል? እንደ ብራይትነሱ ነው። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ ባወጡት ጥናት፣ ብራይትነሱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን በአማካይ የሚቆጥበው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። 100 በመቶ ላይ ግን ከ39 እስከ 47 በመቶ ይደርሳል። ይህ ለአሞሌድ ነው። ኤልሲዲ ላይ ከኋላ ያለው መብራት ለጥቁሩም ስለሚበራ ይህን ቁጠባ አትጠብቁ።

👉 ማታ ዝቅ አድርጉት። ጨለማ ክፍል ውስጥ 200 ኒትም ዓይን ይወጋል። አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ የሆኑ ብዙ ስልኮች ከመጨረሻው ዝቅተኛ ብርሃንም በታች የሚያወርድ አማራጭ አላቸው፤ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት።

ያገለገለ ስልክ ለምትገዙ

ተሰብሮ የተቀየረ ስክሪን ከሆነ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም። በአሞሌድ ፋንታ ርካሽ ኤልሲዲ የተገጠመለት ስልክ ብዙ ነው። መለየት ቀላል ነው፦ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ክፈቱ፣ ብራይትነሱን ጨምሩ፣ ስክሪኑን በእጃችሁ ጋርዱና ተመልከቱ። ጥቁሩ ቦታ ግራጫ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ኤልሲዲ ነው። ስልኩ ከፋብሪካ አሞሌድ ሆኖ የወጣ ከነበረ፣ ስክሪኑ ተቀይሯል ማለት ነው። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን እዩ።

የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ምንም መለኪያ አይፈልግም። ሻጩን «እስቲ በር ላይ እንየው» በሉት። አውቶ ብራይትነሱን አብሩ፣ አንድ ረጅም መልእክት ክፈቱ፣ ፀሐይ ላይ አንብቡት። ከተነበበ ተነበበ ነው። ካልተነበበ ካርቶኑ ላይ 3000 ቢጻፍም አይጠቅማችሁም።

የእናንተ ስልክ ቀን 6 ሰዓት ላይ ይነበባል? ሞዴሉን ጻፉልን። ስልክ ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ከመግዛቱ በፊት አጋሩት።