ሠላሳ ስምንት ሰከንድ

ፊልም ላይ ጉልቤው ገና ብቅ ሲል ይለያል። ግዙፍ ነው፣ ትምህርት አይገባውም፣ ጭር ያለ ኮሪደር ጠብቆ ሚስኪኑን ልጅ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን «ካራቴ ኪድ» ያየ መፍትሔውንም ያውቃል፦ ካራቴ ተምሮ በአንድ እርግጫ መገላገል። እኛም ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተፋፍገን አጨብጭበናል።

ዌንዲ ክሬግና ደብራ ፔፕለር የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች የቀረጹት ግን ሌላ ነው። በቶሮንቶ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ላይ ገመድ አልባ ማይክሮፎን አድርገው፣ የእረፍት ሰዓታቸውን ከሩቅ በካሜራ ተከታተሉ። በ1997 ባወጡት ጥናት ጥቃቱ በሰዓት ስድስት ሰባት ጊዜ ይደርሳል፤ አንዱ በአማካይ የሚቆየው 38 ሰከንድ ነው። ተረኛው መምህር ከባልደረባው ጋር ሰላም እስኪባባል አለቀ ማለት ነው። አዋቂ ጣልቃ የገባው ከመቶው በ4ቱ ብቻ ነበር። ጭር ያለ ኮሪደር የሚባል ነገርም የለም፤ ከመቶው በ85ቱ ሌሎች ልጆች አሉበት፤ ይስቃሉ፣ ያዳምቃሉ፣ ቆመው ያያሉ። በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት እንዳሳየው፣ ልጆቹ ለተበዳዩ የደረሱለት ከአምስት አንዴ እንኳ አይሞላም። ሲደርሱለት ግን ከግማሽ በላዩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ካራቴ አላስፈለገም።

ጋዜጠኛውም ከፊልም ሠሪው ብዙ አይርቅም። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ኮሎምባይን ትምህርት ቤት 12 ተማሪዎችና አንድ መምህር ሲገደሉ፣ «የተገለሉና የተናቁ ልጆች ተበቀሉ» የሚለው ወሬ ወዲያው ዓለምን ዞረ። ገዳዮቹ ጓደኞች እንደነበሯቸው፣ ጥቃቱንም ዓመት ያህል እንዳሰቡበት ኋላ ሲታወቅ የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ዜናን በጅምላ መውቀስም ግፍ ይሆናል። በ1982 በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን ማጥፋታቸው ከተዘገበ በኋላ ነው መንግሥት በዓመቱ በትምህርት ቤት የሚፈጸመውን የልጆች ጥቃት የሚቃወም አገር አቀፍ ዘመቻ የጀመረው። ብቻ ዜናው የመጣው ለቅሶ ከተቀመጡ ወዲያ ነው።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንዱን ልጅ «ቆሎ» እንለው ነበር፤ እናቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ ይሸጡ ነበር። መምህሩ ስሙን ሲጠሩ ከኋላ አንዱ በጥርሱ ቋ! ያደርጋል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ መምህሩ «ጸጥታ!» ብለው ወደሚቀጥለው ስም ያልፋሉ። በዱላ የነካው የለም። ጥርሱን የሚያንቋቋው ደግሞ የክፍላችን አለቃ፣ መምህራን የሚወዱት ጎበዝ ተማሪ ነበር። የትምህርት ቤት ጉልበተኝነት ጥናት ፈር ቀዳጅ ዳን ኦልዌውስም «ጉልበተኛ ውስጡ ፈሪ ነው» የሚለው አባባል በጥናቱ እንዳልታየ ጽፏል። እኔ አላንቋቋሁም። እስቅ ነበር።

በእረፍት ሰዓት እናቱ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ቆሎ ቋጥረው ሲጠሩት፣ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ መጸዳጃው ጀርባ ይሮጣል።